ወረቀቱን መቅደድ መልስ አይሆንም

ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፈን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። «የመረጥናቸው የሠልጣኞች መማክርት አባላት ሥራቸውን እንዴት ይዘውታል?» የሚል ነበር። መልሱ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ ደህና፣ መካከለኛ፣ ደካማ። ስም መጻፍ አያስፈልግም። ወረቀቶቹ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባስቀመጥናት የካርቶን ሣጥን ተጠራቀሙ፤ ከዝግጅት ክፍሉ ሦስታችን ቁጭ ብለን ቆጠርን፤ ውጤቱንም ለጠፍን። ደካማ ያለው ሰው ደህና ካለው በብዙ በልጦ ተገኘ። በማግሥቱ ጧት ስንመጣ ወረቀታችን ከመካከሉ ተቀዶ፣ ግማሹ በስፒል ተንጠልጥሎ፣ ግማሹ መሬት ወድቆ አገኘነው።

ማን እንደቀደደው አናውቅም፤ ለማጣራትም አልደከምንም። የከነከነን ከዚያ ወዲያ የተነሣው ወሬ ነው። የመማክርቱ ደጋፊዎች «እነዚህ የጋዜጣ ልጆች ድሮም አይወዱንም፤ ሣጥኑን የሞሉት በምርጫው የተሸነፉት ልጆች ጓደኞች ናቸው፤ አንድ ሰው ሦስት ሦስት ወረቀት ከትቷል» አሉ። አንዱማ ጭራሽ «መካከለኛ ያለው ደህና ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተደምረው ይቆጠሩልን» ብሎ አዲስ ሒሳብ አወጣ። (አቤት ሒሳብ! ለሒሳብ ክፍል መምህራን አስተላልፈነዋል።) ተቃዋሚዎቹስ? «አላልናችሁም ነበር! ሠልጣኙ ከኛ ጋር ነው፤ እነሱ ይውረዱ፣ እኛ እንውጣ» እያሉ ሻይ ቤቱን ሦስት ቀን አደመቁት። በሦስቱ ቀን ውስጥ ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ለመሆኑ ደካማ ያሰኛቸው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማንም። ከወረቀቶቹ ጀርባ ላይ ግን ሳይጠየቅ የጻፈ ብዙ ሰው ነበር። ከመኝታ ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ማን ዘንድ እንደሚኬድ አናውቅም ይላል አንዱ። የማንበቢያ ክፍሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መዘጋቱን ለመማክርቱ ነግረን መልስ አጣን ይላል ሌላው።

አሳባችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ዝቅ ያለ ውጤት ማለት ለተለካው ሰው የተላከ ደብዳቤ ነው። ደጋፊው ደብዳቤው ባለቤቱ ዘንድ ሳይደርስ ይቀደዋል፤ ተቃዋሚው ደግሞ ባድራሻው ላይ የራሱን ስም ይጽፍና «ለኔ የመጣ ነው» ይላል። በመካከል ላኪው ይረሳል። ይህ በሽታ በግቢያችን ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ የክፍል ስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ አድርገን በጨረስነው። ነገር ግን አገርና ዓለም ያዳረሰ ነው።

በአሜሪካ ጋለፕ የሚባለው የአስተያየት ጥናት ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን የያዙበትን መንገድ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?» እያለ ሲጠይቅ ኖሯል። ፕሬዚዳንት ትሩማን በእ.ኤ.አ. 1952 መጀመሪያ ላይ 22 በመቶ አገኙ። ታናሹ ቡሽ የመስከረም 2001ዱ ጥቃት በተፈጸመ ሰሞን 90 በመቶ ደርሰው፣ በ2008 መገባደጃ 25 በመቶ ላይ ወረዱ። ምክር ቤቶቻቸውማ (ኮንግረስ የሚሉት) በኅዳር 2013 የተቀበሉት 9 በመቶ ብቻ ነበር። ሆኖም በተከተለው ዓመት ምርጫ ለመመረጥ እንደገና ከቀረቡት የታችኛው ምክር ቤት አባላት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተመልሰው ገቡ። ሰው ሁሉ «ምክር ቤቱ ደካማ ነው፤ የኛው ግን ደህና ነው» ይላል ማለት ነው። ይህ እኛም ቤት አለ። «አስተዳደሩ ተበላሽቷል» እያለ የሚያማው ሁሉ፣ ያክስቱ ልጅ ከተሾመ «እሱስ ደህና ልጅ ነው» ሲል አልሰማችሁም?

ከዚህ የባሰ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የወገን ፍቅር አስተያየትን ብቻ ሳይሆን ቁጥርን እንኳ ያጣምማል። በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የአሜሪካ የዋጋ ንረት በእ.ኤ.አ. 1980 ከነበረበት 13.5 በመቶ በ1988 ወደ 4 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህ እንግዲህ በየሱቁ የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን በ1988 በተደረገ የምርጫ ጥናት «በነዚህ ስምንት ዓመታት የዋጋ ንረቱ ተሻለ ወይስ ባሰ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ከጠንካሮቹ ዴሞክራቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ባሰ» አሉ፤ ሬገን የሌላው ወገን ሰው ናቸውና። ሪፐብሊካኖቹም ተራቸው ሲደርስ አልተሻሉም። በክሊንተን የመጀመሪያ ዘመን የመንግሥቱ የበጀት ጉድለት ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ በ1996 ሲጠየቁ አብዛኞቹ «ጨምሯል» ብለው መለሱ። ዋሽተው ነው? አይመስለንም። ሰው ገበያ ሲወጣ በዓይኑ ያያል፤ ስለ ሹም ሲጠየቅ ግን በወገኑ ዓይን ያያል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በነሐሴ 1974 ሥልጣን በለቀቁበት ሰሞን 24 በመቶ ላይ ነበሩ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይደግፏቸው ነበር። ያ ሁሉ ጉድ ከወጣ በኋላ!

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ አገር ሹም ሥራውን እንዴት እንደያዘ በየወሩ ተጠይቆ፣ ተቆጥሮ፣ በጋዜጣ የሚወጣበት ልማድ የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነው። ቁጥር የሚወጣው በምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ነው። ታዲያ በነዚያ ጊዜያት የወጡት ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ 81 በመቶ ደገፈው ተባለ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ አገር ለቀው ሄዱ። 81 በመቶ የደገፈው ሰፊ ሕዝብ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ እዚያው ነበር። ቀድሞውንም የተጠየቀው በነፃነት ስላልነበረ የሰጠው መልስ ለጠያቂው የሚስማማውን ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባል የለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ 1997 ዓ.ም.። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ገና አልተወለድንም ወይም ሕፃናት ነበርን፤ መምህራኖቻችን ግን በደንብ ያስታውሱታል። ከምርጫው አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ ደጋፊዎች በመስቀል አደባባይ ወጡ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ የቅንጅት ደጋፊዎች ያንኑ አደባባይ ሞሉት። ያን ሰሞን ሁሉም «ማዕበል» ይል ነበር፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ማዕበል ብቻ አየ። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ፤ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚገቡትን 23 መቀመጫዎችም እንዲሁ። ከተማዪቱን ሲያስተዳድር ለነበረው ወገን ይህ ከዜሮ በአንድ የሚበልጥ ማርክ ነው።

እንግዲህ አስተማሪ ሆነን እናስበው። መቶ ሠላሳ ስምንት ጥያቄ ፈትናችሁ ተማሪው አንዱን ብቻ ቢያገኝ ምን ታደርጋላችሁ? በምዘና ትምህርታችን የተማርነው ግልጽ ነው። ተማሪው የቱ ጋ እንደሳተ፣ ምን እንዳልገባው፣ ማን ምን እንዳላስተማረው አንድ በአንድ ይታያል። በዚያን ጊዜ የሆነው ግን ሌላ ነበር። በገዥው ወገን ያለው ሰው «ሕዝቡ ተታለለ፤ ስሜት ነድቶት ነው» አለ። አሸናፊው ወገን ደግሞ «ሕዝቡ እኛን ወደደ» አለ። የከተማው ሰው ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ በየቀበሌው ስለሚደርስበት መጉላላት የጻፈው መልእክት በሁለቱ መካከል ጠፋ። በአገር ደረጃ ስለ ውጤቱ የተነሣው ክርክር ወደ ደም ተለወጠ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሡት ግርግሮች 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ገልጿል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከአራት ድርጅቶች የተሰባሰበው ቅንጅትም መሪዎቹ በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ከተፈቱ በኋላ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ፈረሰ። አዲስ አበባንም የመረጠቻቸው ሰዎች ሳይሆኑ ባለአደራ አስተዳደር እስከ 2000 ዓ.ም. መራት።

በቅንጅት በኩል የነበረውን ስሕተት መናገር ዛሬም ቅር የሚያሰኘው አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። የተጎዳው ወገን እነሱ አይደሉም ወይ ይላል። አዎ፣ ታስረዋል፣ ተጎድተዋል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በሌላው ላይ የመጣ ቅሬታ ለኔ የመጣ ፍቅር አይደለም። ጎረቤቱ ልጁን ቢቆጣ፣ ልጁ ሮጦ እኔ ቤት ቢገባ፣ እኔ አባቱ ሆንኩ ማለት ነው?

ኢሕአዴግ ግን ያን ማርክ ጨርሶ አልረሳውም፤ ይህን ልንክድለት አይገባም። መልስ ሰጠበት። መንገድ ሠራ፣ ኮንዶሚኒየም ሠራ፣ ትምህርት ቤት አበዛ። ችግሩ ሌላው መልሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላቱ ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። አስተማሪውም፣ የጤና ሠራተኛውም፣ ገበሬውም ተመዘገበ። በኋላም አንድ ለአምስት ተደራጀ። በሌላ አነጋገር፣ ማርክ የሚሰጠውን ሰው አባል ማድረግ ማለት ነው! ውጤቱ ወዲያው ታየ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ከሚሊዮኖቹ መቀመጫዎች ተቃዋሚ ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነበር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ከ547 የተወካዮች መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ፤ ለተቃዋሚ የቀረው አንድ ወንበር፣ ለግል ተወዳዳሪም አንድ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ሁለቱም ቀሩና 547ቱም ሞላ።

በዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ የኛው ሙያ ነውና። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ መቶ ከመቶ ቢያገኙ ርእሰ መምህሩ ምን ይላል? መምህሩን ይሸልማል? ኧረ እንዴት ተደርጎ! መጀመሪያ ፈተናው እንዳልወጣ ያጣራል። ከዚያ ጥያቄው ቀሎ እንደሆነ ያያል። ከዚያም ማን ማን አጠገብ እንደተቀመጠ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ግን በደጋፊው በኩል እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ አልተገኘም፤ ጭብጨባ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሣው ተቃውሞ በኦሮሚያ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጎንደር ወጣ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። «ጥልቅ ተሐድሶ» ተባለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ተቀመጡ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የመልቀቂያ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። መቶ ከመቶ ከተባለበት ቀን እስከዚያ ድረስ ሦስት ዓመት አልሞላም።

ዝቅተኛውን ማርክ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ? ይህን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ሁለተኛ እንዳይሰማ ማድረጋቸው ግን እንዳልጠቀማቸው ዓይን ያለው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህም ልማዱ የተቀየረ አይመስለንም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ከተገለጹት 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። ደጋፊው ይህን ቁጥር ለማንኛውም ጥያቄ መልስ አድርጎ ያነሣዋል፤ ተቃዋሚውም ቁጥሩ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ሰው በስልኩ ላይ «የኑሮ ውድነቱ ከበደን» ብሎ ሲጽፍ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጤፍ ዋጋ አይደለም፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

ይህን ጉዳይ ከወረቀት ሳይሆን ከሰው አፍ የሰማነው ለማስተማር ልምምድ ሐራ አካባቢ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች ባንዱ ተመድበን በነበረ ጊዜ ነው። ለማኅበረሰብ ጥናት ትምህርታችን ከወላጆች ጥቂት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ ታዘን ነበር። ሁለት ሆነን አንዲት እናት ቤት ገባን። ቡና ተፈልቷል፤ ቁጭ በሉ ተባልን። ጥያቄያችንን ከማንበባችን በፊት እሳቸው ጠየቁን።

«ማን ላካችሁ ልጆቼ?»

«ማንም አላከንም እማማ፤ የትምህርት ሥራችን ነው።»

«ከቀበሌ አይደላችሁም?»

«አይደለንም።»

«እንግዲያው ደህና ናቸው በሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው።»

ከቀበሌ እንዳልሆንን ነግረናቸው እንኳ «ደህና» አሉን። እኛም በቅጻችን ላይ ደህና የሚለውን አከበብን። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ላይ ሲደርስ፣ ወረቀታችንን አጥፈን ስለ ልጆቻቸው ስንጫወት፣ ሳናስበው ነገሩ መጣ። የውሃው መቅጃ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የምትቀረው ወንዝ ስለምትወርድ ነው። ሁለት ጊዜ ለማመልከት ሄደው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ተመልሰዋል። ወረቀታችንን ዳግመኛ ብንዘረጋው ቃላቸው ተመልሶ «ደህና» እንደሚሆን ስላወቅን አልዘረጋነውም።

አፍሮባሮሜትር የሚባለው የአፍሪቃ የአስተያየት ጥናት ድርጅት በአገራችንም በ2005፣ በ2012 እና በ2015 ዓ.ም. ጥናት አድርጓል። ስለ ተመረጡ ሰዎች ሥራ ይጠይቃል። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅም አንድ ጥያቄ ያክላል፤ «እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?» የሚል። ይህን ስናውቅ እኒያ የሐራዋ እናት ትዝ አሉን። የጥናት ሊቃውንት መጨረሻ ላይ የሚጠይቁትን እሳቸው መጀመሪያ ላይ ጠየቁ። ደግሞስ ይፈረድባቸዋል? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት የተመላለሰበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ግጭት ያየ አገር ነው። ሰው ለወጪ ወራጁ የሚሰጠውን ቃል መዝኖ ቢሰጥ ብልህነት እንጂ ፍርሃት ብቻ አይደለም።

«ደህና ነው» የሚለው ቃል ወሎን ምን እንዳስከፈለ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። በ1965 ዓ.ም. ሰው በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ ነገሩ ለወራት ተሸፍኖ ነበር። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ያነሡት ፎቶግራፍና በኋላም የውጭ አገር ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ነው የገለጠው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ ያ ረኃብ ከክሶቹ ዋነኛው ሆነ። ሹማምንቱ ያን ጊዜ በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ግን ከላይ ያለው እንዳይከፋ ከታች ያለው «ደህና ነው» እያለ የሚጽፍበት ልማድ ከመመረጥና ካለመመረጥ በፊት የነበረ ነው።

እዚያው ሐራ አንድ ሌላ ነገር ሰማን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ የሚመጣው የባቡር መስመርና ከመቀሌ የሚመጣው መስመር ሐራ ገበያ ላይ እንዲገናኙ ታቅዶ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአዋሹ ውል በ2004 ዓ.ም. ከቱርክ ኩባንያ ጋር ተፈረመ፤ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ያ ዓመት 547ቱ ወንበር የሞላበት ዓመት ነው። አንድ አዛውንት «መስመሩን አሳዩን፤ ባቡሩን ግን አላየንም» አሉ። ወዲያው ሁለት ወጣቶች ተነሡባቸው። አንዱ «አባባ፣ ጦርነቱ ነው ያበላሸው፤ መንግሥት ምን ያድርግ?» አለ። ሌላው «ድሮም ለምርጫ ማታለያ ነበር» አለ። ሁለቱም የያዙት ነገር አለ፤ ጦርነቱ በእርግጥ ጉዳት አድርሷል፣ ሥራውም ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ሲጓተት የቆየ ነው። ሲከራከሩ ሽማግሌው ዝም አሉ። እኛ ልንጠይቃቸው የፈለግነው ግን ገና ነበር። ባቡሩ ቢመጣ ምን ሊያደርጉበት አስበው ነበር? በግ ሊነግዱ? ልጃቸው ሥራ ትገባለች ብለው? ቅሬታው ያለው እዚያ ላይ ነው። ሳንጠይቃቸው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ረቂቁን ያሳየናቸው አንድ መምህራችን አንድ ነገር አስገነዘቡን። «ልጆች፣ ዝቅተኛ ማርክ ሁሉ ትክክል ነው እንዳትሉ። ትሩማንን ራሳችሁ ጠቅሳችኋል። በኮርያ ጦርነት ጊዜ ዝነኛውን ጄኔራል ማካርተርን ከሥልጣን ሲያነሡ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ከደህናዎቹ ፕሬዚዳንቶች ይቆጥሯቸዋል» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጥብቅ መምህርም በተማሪ ግምገማ ዝቅ ሊል ይችላል፤ የቤት ሥራ የማያርም ደግሞ ሊወደድ ይችላል። ማርኩ ፍርድ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መምህራችን ይፍቀዱልንና አንድ ነገር እንጨምር። ዝቅ ያለ ማርክ ያገኘ ሹም ሁሉ ራሱን ትሩማን ያደርጋል! «ታሪክ ይፈርደናል» የማይል አለ? ከመቶዎቹ ስንቱን ታሪክ እንደፈረደው ደጋፊው አይቆጥርም።

አሁን ወደ ራሳችን። እኛስ በዚህ ነገር ንጹሖች ነን? ግለ ሂስ እናድርግ። ውጤቱን ስንለጥፍ «ደካማ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልቁ ጽፈነዋል። «ደህና» የሚለውን በእርሳስ። ከሦስታችን አንዳችን በመማክርቱ ምርጫ ተወዳድሮ የተሸነፈ ነው፤ ይህን ሳንገልጽ ቆጠርን። ከወረቀቶቹ ጀርባ የተጻፈውንም ቅሬታ፣ ዋናው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ቦታ የለም ብለን አላወጣነውም። ስለዚህ ደጋፊዎቹ «የጋዜጣ ልጆች አይወዱንም» ሲሉ በጥቂቱ ልክ ነበሩ። ወረቀት መቅደዳቸውን ግን አንቀበልም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የሚያስጨንቀን ነገር አለ። በሚቀጥለው ዓመት አብዛኞቻችን በየገጠሩ እንመደባለን፤ በሐብሩም፣ በራያም፣ በዋድላም። እዚያ አስተማሪ ከአስተማሪነቱ በላይ ነው። ቅጽ ሲሞላ፣ ሕዝብ ሲቆጠር፣ ምርጫ ሲመጣ፣ «የተገልጋይ እርካታ» ሲጠየቅ ጽሑፍ የሚያውቀው እሱ ነውና ይጠራል። ያች የሐራ እናት «ደህና ናቸው በሉ» ስትል «ደህና» ብሎ የሚያከብበው እጅ የኛ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ከበላይ ያለው ሰው «እስቲ እንደገና እየው» ቢለን ምን እንላለን? ይህን በቀላሉ እንመልሳለን የሚል ደሞዙ ያልተቆረጠበት ሰው ነው። እኛም መልሱን አላገኘነውም፤ በሚቀጥለው ቁጥር መምህራን ቢጽፉበት ቦታ እንለቃለን።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እናስተካክል። ሰኞ አዲስ ወረቀት እንለጥፋለን። ጥያቄው ያው ነው፤ ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር ተጨምሮበታል። ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት ብቻ ይሰጣል፤ በስም ዝርዝር ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ስም አይጻፍም። ሣጥኑ በቁልፍ ይዘጋል። አንዱን ቁልፍ የመማክርቱ ጸሐፊ፣ አንዱን በምርጫው ከተሸነፉት ወገን አንድ ሰው ይይዛል። ዓርብ ከቀኑ በአሥር ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ሥር በግልጽ ይቆጠራል። በምርጫው የተወዳደረው ጓደኛችን አይቆጥርም፤ እሱ ወንበር ያቀርባል። የመጀመሪያው ውጤትም ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ጎን፣ በፕላስተር ተገጣጥሞ፣ ከጀርባ ከተጻፉት ቅሬታዎች ጋር ተለጥፏል። ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፈዋል።